ከበሩ እስከ ባቡር ጣቢያው፦ የአረጋሽ ስብሰባ

አረጋሽን የማያውቃት ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጓንቷን ነው። በብርዱም በሙቀቱም ነጭ የጥጥ ጓንት ታደርጋለች። የጸሎት ቤቷ ሴቶች "ዘናጭ ናት" ይሏታል። ሰላም ስትል ደግሞ እጇን አትሰጥም፤ "እጄ እርጥብ ነው" ብላ አንጓዋን ነው የምትዘረጋው። አሥራ ሰባት ዓመት አብሬያት ሠርቻለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ እጇ ደርቆ አላገኘሁትም።

እኔ ዓዚዛ እባላለሁ። አስመራ ተወልጄ፣ አዲስ አበባ ተምሬ፣ ጀርመን አገር ፍራንክፈርት ጊንሃይም ሰፈር ያረጀሁ ሴት ነኝ። ስብሰባ አልወድም። ስብሰባ የሚወድ ሰውንም ልቤ አይቀበለውም። አረጋሽን ግን እወዳታለሁ፤ አሁን የምናገረውም እሷ ባለፈው ጸደይ ያዘጋጀችውን ስብሰባ ነው፤ ሰው ከእኔ ካልሰማው ከማን ይሰማዋል።

አረጋሽ በወጣትነቷ ሻሸመኔ የቴሌ ኦፕሬተር ነበረች። ያኔ ሰው አዲስ አበባ መደወል ሲፈልግ እሷ ጋ ይደውላል፣ እሷ ገመዱን ሰክታ "ይነጋገሩ" ትላለች። "የስንቱን ሠርግና ለቅሶ አገናኝቻለሁ" ትላለች እስከ ዛሬ። የራሷን ነገር ግን ማንም ገመድ ሰክቶላት አያውቅም። ባሏ ከሞተ ስምንት ዓመት ሆነው፤ ልጇ ሃምቡርግ ናት፣ በአማርኛ ስትጠይቃት በጀርመንኛ ትመልስላታለች። ኖርድቬስትሽታት በሚባል ሰፈር ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን ትኖራለች። ዘመድሽ ማነው ብትባል እኛን ነው የምትቆጥረው። እኛ ማለት ሆኽስት ውስጥ አንድ የቢሮ ሕንፃ የምናጸዳ አራት ሰዎች ነን፦ እሷ አለቃችን፣ እኔ፣ ጋሽ ሓረጎትና ጠዓመ።

ጋሽ ሓረጎት ጡረታ ሊወጡ አሥራ አራት ወር ቀርቷቸዋል። ኤርትራዊ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ግን አዲስ አበባ የቀበሌ ጸሐፊ ስለነበሩ ጥርሳቸውን የነቀሉት ስብሰባ ላይ ነው። ቀኝ ጉልበታቸው ደረጃ አይወድም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ እሳቸው ፊት የሚያነሣው ግን የለም። ጠዓመ ደግሞ አርባ አምስት ዓመቱ ነው፤ ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉት፣ ከሰው ጋር በቀን አሥር ቃል ቢነጋገር ነው። ዝም አይነቅዝም ሲባል ሰምቶ አምኖ የቀረ ሰው ይመስለኛል።

ነገሩ የጀመረው ከጽዳት ኩባንያው የምትመጣው ኃላፊያችን ፍራው ቮግት፣ ወይዘሮ ቮግት ማለት ነው፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት ፈገግ ብላ ስትመጣ ነው። ወጣት ናት፣ ደግ ናት፣ ትቸኩላለች። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ገና ሳይነጋ መጥተን የምንሠራው ሥራ ወደ ቀን ይዞራል አለችን። በቀን ስትሠሩ ሰው ያያችኋል፣ ያከብራችኋል አለች። እኔ እንኳ እስከ ዛሬ ያላየኝ ሰው አልጎዳኝም። ቀጥላ ደግሞ፣ በአዲሱ አሠራር ሠራተኛው ራሱ ነው የሚወስነው፤ ሕንፃው አራት ወለል፣ እናንተም አራት ናችሁ፤ ማን የትኛውን እንደሚይዝ ተሰብስባችሁ ተስማሙ፣ የተፈረመ ፕሮቶኮል፣ ቃለ ጉባኤ ማለት ነው፣ እስከሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ እኩለ ቀን ስጡኝ አለች።

"ካልተስማማንስ?" አለች አረጋሽ።

ፍራው ቮግት ፈገግታዋን ትንሽ ቀነሰች። ካልተስማማችሁ ኩባንያው ራሱ ይደለድላችኋል፣ ዝርዝሩም ተዘጋጅቷል አለች። ዝርዝሩን አሳየችን። እኔ ኤርፖርት፣ ጠዓመ ኦፈንባኽ፣ አረጋሽ ሌላ ሕንፃ፣ ጋሽ ሓረጎት ሃናው። ሃናው በሁለት ባቡር ነው፣ ሕንፃው ደግሞ ባለ ስድስት ፎቅ። ጋሽ ሓረጎት ወረቀቱን አጥፈው መለሱላት። ወደ እኛ ዞረው በአማርኛ "ሃናው ከሆነ ነገ እተወዋለሁ" አሉ፣ ድምፃቸውን ሳይቀይሩ። አሥራ አራት ወር ለቀረው ሰው ይሄ ቀልድ አይደለም። አረጋሽ ያን ቀን ቁርሷን አልበላችም።

ፍራው ቮግት ስትሄድ አንድ ወረቀት ትታልን ሄደች። ርዕሱ "ውጤታማ ስብሰባ በሠላሳ ደቂቃ" ይላል። ግብ ይኑራችሁ፣ አጀንዳ ይለጠፍ፣ ሰዓት ጠባቂ ይመረጥ፣ እያንዳንዱ ሰው ፍላጎቱን በግልጽ ይናገር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ አረጋሽ ሞኝ አይደለችም፣ ወረቀቱን ግን እንደ ዳዊት ደገመችው። በሦስት ቀለም አሰመረችበት።

ስለ ሕንፃው ልንገራችሁ፣ አለዚያ ነገሩ አይገባም። ምድር ቤቱ እንግዳ መቀበያና መስታወት ነው፣ ደረጃ የለበትም። አንደኛ ፎቅ ቢሮ ነው፤ እዚያ የሚሠራ አንድ ሰውዬ ብሩኖ የሚባል ጥጃ የሚያህል ውሻ ይዞ ይመጣል። እስከ ዛሬ ሳይነጋ ስለምንሠራ ከብሩኖ ጋር የምንተዋወቀው በፀጉሩ ብቻ ነበር። ሁለተኛው ፎቅ ምንጣፍና ጸጥታ ነው። ሦስተኛው ካንቲን ነው፦ ቅባት፣ የምግብ ፍርፋሪ፣ የካንቲኑ ሽንት ቤቶች፣ እነሱን የምናጸዳበት ዓይን የሚያቃጥል መድኃኒት። ሊፍቱን ደግሞ ቀን ላይ ጋሪ ይዘን የምንገባበት ከምሳ በኋላ ብቻ ነው። ከምሳ በፊት በደረጃ ነው።

የመጀመሪያው ስብሰባ ሰኞ፣ ሥራ እንደጨረስን ሆነ። ሁለተኛ ፎቅ ያለውን የስብሰባ ክፍል ሰጡን፤ ጠረጴዛውን አሥራ ሰባት ዓመት ወልውለነዋል፣ ተቀምጠንበት ግን አናውቅም። አረጋሽ ቀድማ ገብታ ውኃ ቀድታ፣ አጀንዳ ለጥፋ ጠበቀችን። እኔ ስገባ ተነሣች። ጠዓመ ሲገባ ሁለታችን ተነሣን። ጋሽ ሓረጎት ሲገቡ ሦስታችን ተነሣን፤ "በእግዜር፣ አትነሱ" አሉ። ከዚያ ማን የት ይቀመጥ የሚል መጣ። በጠረጴዛው ራስ ላይ ትልቅ ወንበር አለ። አረጋሽ ለጋሽ ሓረጎት ሰጠች። እሳቸው "ሰብሳቢዋ አንቺ ነሽ" ብለው ለእሷ መለሱ። እሷ "ዓዚዛ ትበልጠኛለች" አለች። እኔ በሩ ጋ ይሻለኛል አልኩ። ተከራክረን ተከራክረን አራታችንም በሩ ጋ ተጠጋግተን ተቀመጥን፣ ትልቁ ወንበር ባዶውን ሰበሰበን። ሠላሳ ደቂቃ ከተባለው አሥራ አንዱ ሄዷል።

አረጋሽ ጸለየች። ጴንጤ ሲጸልይ ያያችሁ ታውቃላችሁ፣ ከፍራንክፈርት ከንቲባ እስከ ሊፍቱ ድረስ ማንንም አልረሳችም። ጋሽ ሓረጎት አማተቡ፣ እኔ አሚን አልኩ፣ ጠዓመ ሰዓቱን አየ። ሰዓት ጠባቂ እሱ ነበር። ከዚያ ጋሽ ሓረጎት እጃቸውን አውጥተው የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ አሉ።

"ምልዓተ ጉባኤ መሟላቱ አልተረጋገጠም።"

"ጋሽዬ፣ አራት ነን፣ አራታችንም አለን" አለች አረጋሽ።

"ይቆጠር።"

ተቆጠርን። አራት ሆንን። ቃለ ጉባኤ ቁጥር አንድ ብለው መጻፍ ጀመሩ።

የዚያ ክፍል መብራት ሰው ሲንቀሳቀስ የሚበራ፣ ሰው ዝም ብሎ ሲቀመጥ የሚጠፋ ነው። የቢሮዎቹ ሰዎች እጃቸውን እያወናጨፉ ስለሚያወሩ ችግር የለባቸውም። እኛ ታላቅ ሰው እየተናገረ ማን ይንቀሳቀሳል? መስኮቱ መጋረጃ ስላለው መብራቱ ድርግም ሲል መተያየት አቃተን። ጠዓመ ተነሥቶ ሲቀመጥ በራ። ጋሽ ሓረጎት "መብራት ጠፍቶ በአባል ጠዓመ ጥረት በርቷል" ብለው ጻፉ። ይሄ አምስት ጊዜ ሆነ፣ አምስቱም ተጽፏል።

በመጨረሻ አረጋሽ ከወረቀቱ ላይ ዋናውን ጥያቄ አነበበች፤ ማን የትኛውን ፎቅ ይፈልጋል? እኔ ከብሩኖ ጋር አንድ ፎቅ ላይ ከምውል ኤርፖርት ብሄድ ይሻለኛል፤ ውሻ እፈራለሁ፣ ደግሞ ከሰገድኩ በኋላ ቢልሰኝ ሌላ ጣጣ ነው። ይህን ለመናገር አፌን ከፈትኩ። ግን እንዴት ብዬ ነው ለራሴ የሚመቸኝን መርጬ ለሌላው ውሻ የምተወው? አፌ ሌላ ነገር ተናገረ።

"ለኔ የተረፈው ይበቃኛል" አልኩ።

"ለኔም የተረፈው" አሉ ጋሽ ሓረጎት።

"የተረፈውንማ የምወስደው እኔ ነኝ፣ አለቃ ሆኜ!" አለች አረጋሽ። "ካንቲኑን ለኔ ጻፉት።"

"አንቺ ካንቲን፣ እኔ ምን ልሆን?" አሉ ጋሽ ሓረጎት። "ሽማግሌ ብሆንም ሬሳ አይደለሁም። ካንቲኑ የኔ ነው።"

እኔም ዝም አላልኩም፤ ካንቲን ካልተሰጠኝ ምን ቀረኝ አልኩ። ድምፃችን ከፍ ከፍ አለ። ማን ሽንት ቤት ያጥባል ብለን ተጣልተን ልንቀየም ደረስን፣ ሁሉም "እኔ" እያለ። ጠዓመ ጉሮሮውን ጠረገና የዕለቱን ብቸኛ ንግግር አደረገ፤ "ካንቲን" አለ። ሠላሳው ደቂቃ ካለፈ ብዙ ቆይቷል፣ ግን ጋሽ ሓረጎት እየተናገሩ ሰዓት አለቀ ማለት አልሆነለትም። ከተቀመጥን አንድ ሰዓት ከሩብ ሲሆነን ቃለ ጉባኤው ተነበበ፦ የተገኙ አራት፣ የቀሩ የሉም፣ አራቱም አባላት ሦስተኛ ፎቅ እንዲመደቡ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።

አረጋሽ ተርጉማ ለፍራው ቮግት ሰጠቻት። ፍራው ቮግት አንብባ ቀና አለች።

"አራታችሁም የካንቲኑን ሽንት ቤት ትፈልጋላችሁ?"

"አዎ" አለች አረጋሽ።

"ሌሎቹን ሦስት ወለሎች ማን ያጸዳል?"

"የተረፈ ሰው" አለች አረጋሽ።

ፍራው ቮግት ከቦርሳዋ ቢጫ ካርዶች አወጣች። ሰው ፊት ለፊት መናገር ከከበደው ስሙን ሳይጽፍ ፍላጎቱን በካርድ ይጻፍ፣ ይሄ መቼም አይሳሳትም አለች።

ረቡዕ ሁለተኛው ስብሰባ ሆነ። ካርድ ታደለ፣ ጀርባ ለጀርባ ዞረን ጻፍን። አረጋሽ ሰብስባ በውዛ አነበበች። የመጀመሪያው "ሌሎቹ መርጠው የቀረውን" ይላል። ሁለተኛው "ሌሎቹ መርጠው የቀረውን"። ሦስተኛው ተመሳሳይ ሆኖ፣ ስም አይጻፍ ቢባልም ከሥሩ የጋሽ ሓረጎት ፊርማና ቀን አለበት። አራተኛው ባዶ ነበር፤ ጠዓመ በጽሑፍም አይናገርም። አረጋሽ ካርዶቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድራ ተቀመጠች። መብራቱ ጠፋ፣ ማንም አልተነሣም። ያኔ በጨለማ ውስጥ ስትተነፍስ ሰማኋት፣ ልቅሶ ይሁን አይሁን አላወቅሁም። እኔም ፈራሁ። በሁለት ቀን ውስጥ ልንበተን ነው፣ እኛ ግን እርስ በርስ እየተከባበርን ነው።

ከዚያ ወጣንና ተሸኛኘን። ጋሽ ሓረጎት ቤታቸው ከሕንፃው ወዲያ ማዶ፣ እዚያው ሆኽስት ነው፤ ባቡር ጣቢያው በተቃራኒው ነው። ግን ሴቶች ብቻቸውን አይሄዱም ብለው ጣቢያ ድረስ ይሸኙናል፣ አሥር ደቂቃ ነው። ጣቢያው ስንደርስ እሳቸውን በዚያ ጉልበት ብቻቸውን መመለስ ደግ አይደለም፣ እስከ ትራፊክ መብራቱ እንሸኛቸዋለን። መብራቱ ጋ ስንደርስ በሉ እኔም ትንሽ ልመልሳችሁ ይላሉ። አሥራ ሰባት ዓመት እንዲህ ነው፣ ስንት ባቡር አምልጦናል። ያን ዕለት ከጠዓመ ጋር ወደ ኋላ ቀርቼ ነበርና ጋሽ ሓረጎት ከአረጋሽ ጋር ከፊት ከፊት ሄዱ። ሲመለሱ እኔ ከአረጋሽ ጋር ሆንኩ።

መሐል ከተማ ሃውፕትቫኸ ጣቢያ ወርደን ኡ-አይንስ የሚባለውን የከተማ ባቡር ተሳፈርን። እሷ ኖርድቬስትሴንትሩም ትወርዳለች፣ እኔ መጨረሻው ጊንሃይም ድረስ እሄዳለሁ። እሷ ግን ስትቆዝም ፌርማታዋን አለፈችው።

"ዓዚዛ" አለችኝ፣ "ቅድም ጋሽ ሓረጎት ምን እንዳሉኝ ታውቂያለሽ? ዓዚዛን አንደኛ ፎቅ እንዳታደርጊያት፣ ውሻ ትፈራለች፣ ስግደትም አለባት አሉኝ።"

ደነገጥኩ። እኔ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

"አንቺ ደግሞ ምን አልሽኝ? ጋሽ ሓረጎት ምድር ቤት ይሁኑ፣ ጉልበታቸው አልቋል አልሽኝ። ለምን ስብሰባው ላይ አልተናገርሽም?"

"አንቺ ሴት፣ የአንድን ትልቅ ሰው ጉልበት ፊቱ ቁጭ ብዬ አጀንዳ ላድርገው?"

ጊንሃይም ስንደርስ አረጋሽ ከባቡሩ ወርዳ ከረጅሙ የቴሌ ማማ ሥር ቆመች፣ ያ ከጊንሃይም በየትም ብትዞሩ የሚታየው። ቀና ብላ አየችው። "የሚነጋገሩትን ሰዎች አንድ ክፍል አስገብቼ እኮ ነው" አለች፣ እንደ ማፈር እያለች። "እኛ ቴሌ እያለን ሁለት ደንበኛ ፊት ለፊት አስቀምጠን አናውቅም።" ቀጥላ ምን እንዳሰበች አልነገረችኝም። እኔ ወደ ኖርድቬስትሴንትሩም መልሼ ሸኘኋት።

ሐሙስ ስትሠራ የዋለችውን ሳይ ግን ገባኝ። የፍራው ቮግትን ወረቀት ገልብጣ በጀርባው ላይ መንገድ ሥላለች። ሕንፃው፣ መብራቱ፣ ዳቦ ቤቱ፣ ጣቢያው። በእያንዳንዱ ቁራጭ መንገድ ላይ ማን ከማን አጠገብ እንደሚሄድ ጽፋለች። መብራቱ ጋ ዓዚዛ ጫማዋን ለማሰር ትቆማለች፣ ጠዓመ ወደ ፊት ይወጣል። ዳቦ ቤቱ ጋ ጋሽ ሓረጎት ከአረጋሽ ጋር። ወላሂ የቴሌ ሰሌዳ ነው የሠራችው፤ ጫማዬ ማሰሪያ የለውም ስላት "ግዴለም፣ ጎንበስ በይ" አለችኝ።

ዓርብ ጠዋት ፍራው ቮግት ራሷ ስብሰባውን ልታይ መጣች። ስትገባ አራታችንም ተነሣን። ከኋላዋ ማን መጣ ብላ ዞር አለች። ተቀመጥን። አረጋሽ "ጌታ ሆይ እርዳን፣ አሜን" ብላ ጸሎቱን ጨረሰች። ጋሽ ሓረጎት ገና ምልዓተ ጉባኤ ሊቆጥሩ ጣታቸውን ሲያወጡ "ምልዓቱ ተሟልቷል፣ ቆጥሬዋለሁ። አንድ አጀንዳ ነው ያለን፣ በይደር ይታለፍ። ስብሰባው ተዘግቷል" አለች በአማርኛም በጀርመንኛም።

ጠዓመ ሰዓቱን አየ። "አራት ደቂቃ" አለ፣ ኮርቶ።

"ምንም አልተነገረም እኮ" አለች ፍራው ቮግት። "እኩለ ቀን ሊሆን አንድ ሰዓት ተኩል ነው የቀረው።"

ጋሽ ሓረጎትም ተቆጡ። "በዕድሜዬ ያለ ውሳኔ የተዘጋ ስብሰባ አላየሁም" አሉ።

"ጋሽዬ" አለች አረጋሽ፣ "እንግዳችንን ጣቢያ ድረስ አንሸኝም እንዴ?"

ጋሽ ሓረጎት ያን ሲሰሙ እስክሪብቷቸውን ኪሳቸው ከተው ተነሡ። ሽኝት ላይ ክርክር የለም።

ወጣን። ፍራው ቮግት ከጣቢያ በእግሯ እንደመጣች በእግሯ ልትመለስ ግራ እየገባት መሐላችን ሆነች፤ ባዶውን ፕሮቶኮል እንደያዘች። መብራቱ ጋ ጎንበስ ብዬ የሌለ ማሰሪያ አሠርኩ። ቀና ስል ጠዓመ ከአረጋሽ ጎን ሆኖ ሲያወራ አየሁት፣ ያውም እጁን እያወናጨፈ። ከሦስት ደቂቃ በላይ አወራ። ዳቦ ቤቱ ጋ ጋሽ ሓረጎት ተራቸውን ወሰዱ። ጣቢያው ደረስንና ባቡር ነበር፤ እሳቸው እንዴት ብቻቸውን ይመለሳሉ ተባለና ተመለስን። ፍራው ቮግት ባቡሩ ሲሄድ አየችው፣ ፕሮቶኮሉን አየች፣ ተከተለችን። በመመለሻው እኔ ተራዬን አገኘሁ። መብራቱ ጋ ጋሽ ሓረጎት ትንሽ ልመልሳችሁ አሉ፣ እንደገና ዞርን። ፍራው ቮግት ሦስተኛው ዙር ላይ "የት ነው የምንሄደው?" ብላ ጠየቀች። "እየተሰበሰብን ነው" አለቻት አረጋሽ።

በየመሐሉ አረጋሽ ቆም እያለች የፍራው ቮግትን ቦርሳ እንደ ጠረጴዛ አድርጋ ትጽፋለች። ምድር ቤት ሓረጎት፤ ይህን እኔና ጠዓመ ተናግረናል። አንደኛ ፎቅ ጠዓመ፤ ጋሽ ሓረጎት እንዳሉት እሱ ልጅ ሆኖ ከውሻ ጋር ነው ያደገው፤ ደግሞ የዚያ ፎቅ ሰዎች ቀድመው ስለሚወጡ ልጆቹን ከሕፃናት መዋያ ለማምጣት ይመቸዋል። ሁለተኛ ፎቅ ዓዚዛ። ማንም ለራሱ አልለመነም፣ ሁሉም አገኘ። ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው፤ በዚያ መንገድ ላይ ብዘፍን ደስ ባለኝ።

ጣቢያው ስንደርስ ለእኩለ ቀን ሩብ ጉዳይ ሆኗል። አራታችንም ከፍራው ቮግት ጋር መድረኩ ላይ ቆመናል። አንድ መስመር ብቻ ባዶ ቀርቷል። አረጋሽ እስክሪብቶውን አነሣችና ከሦስተኛ ፎቅ ጎን የራሷን ስም መጻፍ ጀመረች። ካንቲኑ፣ ሽንት ቤቱ፣ ያ መድኃኒት፣ ብቻዋን፣ በየቀኑ።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ባቡር ውስጥ እንቅልፍ ሲወስዳት አንዱ ጓንቷ ወልቆ ወደቀ፤ እጇን አየሁት። ቆዳው ተሰነጣጥቆ፣ በጣቶቿ መሐል ቀይ ሥጋው ይታያል። ያ መድኃኒት ነው የበላት፣ የላስቲክ ጓንት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ጓንቱን አንሥቼ ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላትና እንዳንቀላፋ ሰው ዓይኔን ጨፈንኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ "እጄ እርጥብ ነው" ስትለኝ እሺ ስላት ኖርኩ። ካላነሣችው እኔ ማን ነኝ ብዬ። ለእሷ የሚናገርላት ሰው በዚያ ሥዕል ላይ የለም፤ መንገዱን የሣለችው ራሷ ናትና ከራሷ ጋር የሚሄድ ሰው አላስቀመጠችም። ወደ ጎን ጠርቼ የምነግረው ሰውም አልነበረም፤ ሁሉም እዚያው ቆሟል፣ ጊዜውም አልቋል።

"አረጋሽ ካንቲን አትችልም" አልኩ፣ በጀርመንኛ፣ ሁሉም እየሰማ። "እጇ ቆስሏል። ሁለት ዓመት ሆነው፣ አይቼዋለሁ።"

አረጋሽ ዞራ አየችኝ። በአሥራ ሰባት ዓመት እንዲያ አይታኝ አታውቅም። "ማን ተናገሪ አለሽ?" አለች ቀስ ብላ።

"ማንም።"

"ሰው ፊት? አለቃዬ ፊት?"

"አዎ። ዝም ብዬሽ ሁለት ዓመት ሞላኝ፣ አፈርኩ።"

ፍራው ቮግት አንዴ እኔን አንዴ ነጩን ጓንት ታያለች። ጠዓመ መሬት መሬት ያያል። ጋሽ ሓረጎት ግን ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ሥርዓት ሊያስከብሩ እንደሚነሡ።

"ከምሳ በኋላ ሊፍቱ ይፈቀዳል አይደለም?" አሉ። "የኔ ጉልበት በሊፍት ምንም አይለውም። ካንቲኑ የሚዘጋውም ከምሳ በኋላ ነው። ሁላችንም የየራሳችንን ወለል ጨርሰን ወደ ላይ እንወጣለን። ውኃና መድኃኒት የሚነካውን እኛ ሦስታችን እንሥራ፣ እሷ ወንበሩን ትደርድር፣ ደረቁን ትጥረግ፤ በካንቲኑ ምክንያት በየወለላችን የሚጎድልብንን ሥራ ደግሞ ጠዋት እሷ ትሙላልን። ጠዓመ ልጆቹ ስላሉ ቀድሞ ይውጣ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው..."

"ይገባናል፣ ጋሽዬ" አልኩ፣ ባቡሩ እየመጣ ነበር።

ፍራው ቮግት አረጋሽ መጻፍ የጀመረችውን ስም ሰርዛ ራሷ ጻፈችው፦ ሦስተኛ ፎቅ፣ አራቱም። ጽፋ ስትጨርስ ቀና አለች። "ይሄ እኮ የሰኞው ፕሮቶኮል ነው" አለች።

"ሰኞ ገና አልተሸኛኘንም ነበር" አሉ ጋሽ ሓረጎት፣ አረጋሽ ተረጎመችላት።

ፈረምን። ጋሽ ሓረጎት ቀኑን ጨመሩበት። አረጋሽ ላይ ሲደርስ እስክሪብቶው በጥጡ ጓንት ላይ ተንሸራተተ። አንድ ጊዜ ሞከረች፣ ሁለተኛም ሞከረች። ከዚያ ቀኝ ጓንቷን በጥርሷ ስባ አወለቀችና ፈረመች። ሁላችንም አየነው። ፍራው ቮግት ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ሰኞ ራሴ አስይዝልሻለሁ አለች፣ ስትናገር ድምፅዋ አልቸኮለም። ልትሰናበት እጇን ስትዘረጋ አረጋሽ በልማዷ አንጓዋን ሰጠቻት። ፍራው ቮግት ጥቂት አሰበችና አንጓዋን ይዛ ነቀነቀች።

እኩለ ቀን ሊሆን አራት ደቂቃ ሲቀረው ባቡሩ ይዟት ሄደ፣ ፕሮቶኮሉም አብሯት። ጋሽ ሓረጎት ሃናው አልሄዱም፤ ይህን ስጽፍ አሥር ወር ቀርቷቸዋል፣ ምድር ቤቱን እንግዳ ሁሉ ሰላም እያሉ ያጸዳሉ። ብሩኖ ጠዓመን ካላየ አይበላም አሉ።

ያን ዕለት ባቡር ውስጥ አረጋሽ አላነጋገረችኝም። ኖርድቬስትሴንትሩም ደረስን፣ በሩ ተከፈተ፣ አልወረደችም። ጊንሃይም ድረስ መጣች፣ የቤቴ በር ድረስ ሸኘችኝ። ተቆጥታለች፤ ለመቆጣትም መብት አላት። ቁልፌን ስፈልግ ጠበቀችኝ። ከዚያ "ቻው" ብላ እጇን ሰጠችኝ፣ ጓንት የሌለበትን። እኔ በልማዴ አንጓዋን ልይዝ ስል "እጄን ነው እንጂ" አለች።

ያዝኩት። ደረቅ ነበር።